ሳይመዘን አይገጠም

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ካለው የልብስ ማጠቢያ አጠገብ ተቀምጬ፥ በነጭ ጋዝ ያጠብሁትን ብረት በጋዜጣ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝን አንድ ወዳጄ ደረሰብኝ። ወዳጄ የሕግ ተማሪ ነው፤ ክርክር ይወዳል። ጥቂት ቆሞ ካየኝ በኋላ፥ «አንተ ሰው፥ ታሪክ መማር ለዚህ ያደርሳል ብለህ ነው? ደግሞስ ብረት እንደ በርበሬ በግራም ይመዘናል እንዴ?» አለና ሳቀ። አብረውት የነበሩትም ሳቁ።

ሳቃቸው ይገባኛል። በዚያ ሰዓት ግን መልስ አልሰጠሁም፤ እጄ ዘይት ነበረ፥ የያዝሁት ቍጥርም እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። አሁን በዚህ ገጽ ላይ እመልሳለሁ። መልሴ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሲሊንደር ያለውን አሮጌ ሞተር ፈትቶ የሚያድስ ሰው፥ ክራንክሻፍቱን ከሚገጥመው ፒስተን ጋር ሳይመዝን መልሶ ቢዘጋው ሥራውን ጨረሰ አይባልም። የቀረውን ሥራ ለነጂው እጅና ወገብ አሸክሞ ሄደ ይባላል እንጂ። ይህ ነገር የጋራዥ ወሬ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብበኝና ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ነገሩ የሚጀምረው ካያቴ ነው። አያቴ በጕልማሳነታቸው የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበሩ። ምሰሶ ሲወድቅ፥ ሽቦ ሲበጠስ፥ ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ሌሊትም ቀንም መመላለስ ግዴታቸው ነበረ። በ1957 ዓ.ም. ካንድ የግሪክ ነጋዴ አንዲት ያገለገለች ቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ብስክሌት ገዙ፤ ዓይነቷ ኤም 20 የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ከ1937 እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የኖረ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር ብቻ ከ120 ሺህ በላይ ቀርቦለታል። ሲሊንደሩ አንድ ነው፤ ይዞታው 496 ሲሲ፥ የሲሊንደሩ ስፋት 82 ሚሊሜትር፥ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚመላለስበት ርዝመት 94 ሚሊሜትር፥ ጉልበቱም 13 የፈረስ ጉልበት ነው። ፈጣን አይደለችም፤ ነገር ግን በጭቃም በኮረኮንችም ቀስ ብላ የምትወጣ ታጋሽ ናት።

አያቴ ስምንት ዓመት ነዷት። በ1965 ዓ.ም. ፒስተኗ ተሰነጠቀ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት፤ የጋራዡን ስም አላነሣም፥ ባለቤቱም ዛሬ በሕይወት የለም። በዚያ ጊዜ ለእርሷ የሚስማማ ፒስተን ባገር ውስጥ ስላልተገኘ፥ ሲሊንደሩ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ፥ ከመኪና የወጣ ፒስተን በቶርኖ ተስተካክሎ ተገጠመላት። ሞተሩ ተነሣ፤ ሠራም። ገንዘብ ተከፈለ፤ ምስጋናም ተሰጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ብስክሌቷ ሌላ ሆነች። ሰንዳፋ ሳይደርሱ የአያቴ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ በሸኖ ብርድ ደግሞ ጫፋቸው ነጭ ይሆናል። የመብራቷ አምፑል በሳምንት አንድ ጊዜ ይቃጠላል፤ የኋላውን ጭቃ መከላከያ የያዘው ብረት ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ተበየደ። አያቴ ሁለት ዓመት ታገሡ። በ1967 ዓ.ም. ከጓሮ አቆሟት፥ ሸራም አለበሷት፤ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጡባትም።

በቤተ ዘመድ ዘንድ ስለዚህ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጅ ሲወልዱ መንገድ ፈሩ» ይባላል። ያጎቴ ሚስት በየዓመት በዓሉ ይህን እያነሣች ታስቃለች። አያቴ አይመልሱም። እኔም ይህንኑ ሰምቼ አደግሁ። የተሰነጠቀው የድሮ ፒስተን በጠረጴዛቸው ላይ ተገልብጦ የብዕር ማስቀመጫ ሆኖ ስለ ነበረ፥ ፊደል ስቆጥር እርሳሴን የማኖረው በእርሱ ውስጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ስገባ፥ «አባባ፥ ሞተሯን ልፍታት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሁን 84 ዓመታቸው ነው። «ምን ታደርግልሃለች? ፍታት ካልህ ፍታት» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሞተሩ ውስጥ የወጣውን ፒስተን በአንድ እጄ፥ የብዕር ማስቀመጫውን በሌላው እጄ ይዤ ስቆም፥ ሚዛን ሳያስፈልገኝ አንዱ ካንዱ እጅግ እንደሚከብድ ክንዴ ነገረኝ። የኔ ጥያቄ የተነሣው ከዚያ ላይ ነው።

ወደ ጥያቄው ከመግባቴ በፊት የሞተሩን ጠባይ ባጭሩ ላስረዳ። ክራንክሻፍት ማለት የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ክፍል ነው። በኤም 20 ውስጥ ሁለት ከባድ ክብ ብረቶች፥ ጋራዥ ውስጥ ቮላኖ የሚባሉት፥ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ከማዕከሉ ወጣ ብሎ የተተከለ አንድ ወፍራም ፒን ያያይዛቸዋል። በፒኑ ላይ ቢዬላ የሚባለው ክንድ ታችኛው ጫፉ ይዞራል፤ በላይኛው ጫፉ ላይ ደግሞ ፒስተኑ በስፒኖቶ ይያዛል። ከፒኑ በተቃራኒው ወገን የቮላኖዎቹ ብረት ሆን ተብሎ ከበድ ተደርጓል፤ ይህ ተመዛኙ ክብደት ነው።

አህያ የጫነ ሰው ሁሉ ተመዛኝ ክብደት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጭነት ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ይዞራል፤ ስለዚህ በሌላው ጎን እኩያው ይሰቀላል። ቮላኖውም እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፥ ነገሩንም ሁሉ የሚያከብደው ይህ ልዩነት ነው። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይመላለሳል፤ ተመዛኙ ክብደት ግን በክብ ይዞራል። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ክብደቱ ከታች ነው፤ ይቃወመዋል፥ መልካም ነው። ፒስተኑ መንገድ አጋማሽ ሲደርስ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ዞሯል፤ በዚያ ወገን የሚቃወመው ፒስተን የለም። ስለዚህ የፒስተኑን ክብደት በሙሉ በተመዛኝ ብናቻችለው፥ ወደ ላይና ወደ ታች የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ምንም ባናቻችለው ደግሞ ሁሉም ወደ ላይና ወደ ታች ይሆናል፤ ያም የሚመታው መቀመጫውን፥ መሪውንና እግር ማሳረፊያውን ነው።

እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሞተር፥ ሌላ አጋዥ መሣሪያ ካልታከለበት በቀር፥ ፈጽሞ ጸጥ አይልም። የሚያድሰው ሰው የተሰጠው ምርጫ መንቀጥቀጡን ማጥፋት አይደለም፤ ምን ያህሉ ወደ የት እንዲሄድ መወሰን ነው። ይህም በመቶኛ ይነገራል። ከሚመላለሰው ክብደት ውስጥ በተመዛኙ የሚቻለው ስንት እጅ ነው? ለአንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ከ50 እስከ 70 በመቶ ባለው መካከል ነው። በዚህ መካከል የትኛው ይሻላል የሚለው ደግሞ በብስክሌቱ አካል ጥንካሬ፥ በሞተሩ አቀማመጥና ነጂው አዘውትሮ በሚሄድበት ፍጥነት ይወሰናል።

አሁን ወደ ሚዛኔ ልመለስ። ሥራው ረቂቅ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። መጀመሪያ ፒስተኑን ከነፋሻው፥ ከነስፒኖቶውና ከነማገጃ ቀለበቶቹ መዘንሁ። የድሮው፥ ማለት የብዕር ማስቀመጫው፥ 430 ግራም ሆነ። ከመኪና የመጣው 720 ግራም ሆነ። ቀጥሎ ቢዬላውን በአግድም አስተካክዬ፥ ላይኛው ጫፉ ብቻ በሚዛኑ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ፤ 160 ግራም መዘነ። ይህ ጫፍ ከፒስተኑ ጋር የሚመላለስ ስለ ሆነ ከፒስተኑ ጋር ይደመራል። የቢዬላው ታችኛው ጫፍ ግን ከፒኑ ጋር ስለሚዞር ከሚዞረው ወገን ይቆጠራል።

ከዚህ በኋላ ክራንኩን አየሁ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ አንድ ቶርኖ ቤት ሁለት ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች አስልቼ፥ ጎን ለጎን አድርጌ በውኃ ልክ አስተካከልኋቸው። የክራንኩን ሁለት ጫፎች በእነርሱ ላይ አሳረፍሁ፤ ቢዬላው በመካከል ተንጠለጠለ። ከቢዬላው ጫፍ ላይ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ቆርቆሮ ሰቅዬ ብሎንና ዳዶ ጨመርሁበት። ክብደቱ ሲያንስ ከባዱ ወገን ወደ ታች ይዞራል፤ ሲበዛ ፒኑ ወደ ታች ይዞራል፤ ልክ ሲሆን ክራንኩ ባስቀመጡት ቦታ ሁሉ ዝም ብሎ ይቆማል። ከቆርቆሮው ጋር 194 ግራም ስደርስ ቆመ። ይህን ከ160 ጋር ስንደምረው 354 ግራም ይሆናል፤ ፋብሪካው ያደረገው ተመዛኝ የሚችለው ይህን ያህል ነው ማለት ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። በድሮው ፒስተን የሚመላለሰው ክብደት 430 ሲደመር 160፥ ማለት 590 ግራም ነበረ፤ ከዚህ ውስጥ 354ቱ ልክ 60 በመቶ ነው። በመኪናው ፒስተን ግን የሚመላለሰው 880 ግራም ሆነ፤ ያው 354 ግራም አሁን 40 በመቶ ብቻ ነው። ያልተቻለው ክብደት ከ236 ግራም ወደ 526 ግራም ከፍ አለ። ይህ ጥቂት የሚመስለው ሰው ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ያስበው። የቢዬላው ማዘንበል የሚጨምረውን ትተን ብንቆጥር፥ የመጀመሪያው ወደ 112 ኪሎ የሚሆን ግፊት ነው፤ ሁለተኛው ወደ 249 ኪሎ ይደርሳል። ይህም ግፊት በያንዳንዱ ሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ወደ ላይ፥ ሃምሳ ጊዜ ወደ ታች ይመታል። አያቴ ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን መሪ የጨበጡት በዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ለረጅም ጊዜ ሲሆን የጣትን የደም ሥርና ነርቭ እንደሚጎዳ፥ ብርድ ሲነካውም ጣት እንደሚነጣ በሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ አያቴ መንገድ አልፈሩም። 290 ግራም ብረት ነው ያስወረዳቸው።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ ሰዎች የሚመጣውን መቃወሚያ አውቃለሁ፤ ግማሹን ፊት ለፊት ሰምቼዋለሁና።

አንደኛው፥ «ሠርቶ የለ? ምን ጎደለው?» የሚለው ነው። ሶማሌ ተራ ዕቃ ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ይህንኑ ነግሮኛል። «ልጄ፥ ሞተር ከተነሣ ተነሣ ነው» አለኝ። የሰውየውን ሙያ አከብራለሁ፤ እኔ በሰዓት የምፈታውን እርሱ በደቂቃ ይፈታል። በ1965 ዓ.ም. የሠራውንም ሰው ቢሆን የመኪና ፒስተን ስለ ገጠመ አልወቅሰውም። ዕቃ በሌለበት አገር ከሌላ ዕቃ ቀርጾ ሞተር ማስነሣት ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህን ማቃለል ነውር ይሆንብኛል። የምወቅሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመመዘኑን፥ ወይም አለመመዘኑን ለባለቤቱ አለመንገሩን። «ከብዷል፤ ይነቀነቃልና ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል አንድ ቃል ቢነገር ኖሮ፥ አያቴ ሁለት ዓመት በራሳቸው ላይ ባልፈረዱ ነበር። መነሣት ሌላ ነው፥ መጠገን ሌላ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከፊተኛው የረቀቀ ነው፤ ያመጣውም የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ነው። «ፍጹም የሆነ መቶኛ እንደሌለ ራስህ ተናግረሃል። 55 ይሁን 65 የሚፈርድ ከሌለ፥ መመዘኑ ለምን ይጠቅማል?» አለኝ። ይህ መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በጥያቄው ውስጥ አለ። ፍጹም የሆነ ነገር አለመኖሩ ምርጫን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ፥ ማንም ሰው ቤት ባልሠራ፥ ማንም ዳኛ ባልፈረደ ነበር። በ55ና በ65 መካከል ልንከራከር እንችላለን፤ ስንከራከር ግን ቍጥሩን ይዘን ነው። 40 ላይ መድረስ ከክርክሩ ውጭ ነው፤ ማንም አልመረጠውም፥ ማንም አላወቀውም፥ እንዲያው ሆነ እንጂ። እኔ የምጠላው ይህን «እንዲያው ሆነ» የሚባለውን ነው።

ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ከዚህ ምርጫ አላመለጡም። ጀርመናዊው ማክስ ፍሪትዝ በ1923 እ.ኤ.አ. ለወጣችው ለቢ.ኤም.ደብልዩ አር 32 ሁለት ፒስተኖች በግራና በቀኝ አቃርኖ አስቀመጠ፤ እኩል ይወጣሉ፥ እኩል ይገባሉ፥ አንዱ የሌላውን ግፊት ያጠፋል፤ የሚቀረው ትንሽ የመጠምዘዝ ግፊት ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ተርነር ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ለታየችው ለትራያምፍ ስፒድ ትዊን ሁለት ፒስተኖች ጎን ለጎን አድርጎ አብረው እንዲወጡና አብረው እንዲወርዱ ሠራ። የፍንዳታው ምት ለሰለሰ፤ የሚመላለሰው ክብደት ግን እንደ አንድ ሲሊንደር ሆኖ ቀረ። ኖርተን ፋብሪካ በ1967 እ.ኤ.አ. ኮማንዶ የተባለችውን ሲያወጣ፥ መንቀጥቀጡን ከሞተሩ ማውጣት ስላልተቻለ፥ ሞተሩን በጎማ ላይ አሳርፎ ከነጂው ለየው። አንዱ አጠፋፋ፥ አንዱ ተሸከመ፥ አንዱ አገደ። ሦስቱም ግን ምን እንዳደረጉ ያውቁ ነበር። ያገራችን ጥገና ከዚህ የሚያንሰው በመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ቍጥር ባለመያዝ ጭምር ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ የዘመኑ ነው። «በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፤ አንተ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሞተር ትመዝናለህ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ፒስተን ስለሌለው የሚመላለስ ነገር የለውም። የሚዞረው ክፍሉ ግን እርሱም ተመዝኖ ነው የሚገጠመው። ነገ የሚበላሽብንን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግነው ያው ዛሬ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ነው። ዛሬ ሳይመዝን መግጠም የለመደ እጅ፥ ዕቃው ስለ ተለወጠ ብቻ ነገ መመዘን አይጀምርም።

አሁን የቀረኝ ስለ እኛ ስለ ተማሪዎቹ መናገር ነው። የሕግ ተማሪው ወዳጄ የሳቀው በሚዛኑ አልነበረም፤ በዘይቱ ነበር። ባለ እጅ የሆነውን ሰው ቀጥቃጭ፥ ፋቂ፥ ቡዳ እያለ የሚሰድበው አገር የእኛው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ ሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ዛሬ በአፍ ባይነገርም በሳቅ ይነገራል። ውጤቱም ይህ ነው፦ ሒሳቡን የሚያውቀው ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እጁን የሚያውቀው ሰው በሶማሌ ተራ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል አንዲት ወረቀት ይዞ የሚመላለስ ሰው የለም። የአያቴ ጣቶች የደነዘዙት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በ1965 ዓ.ም. ይህን ስሌት የሚያውቁ ተማሪዎች በዚህ ከተማ ነበሩ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰውም ነበረ። አልተገናኙም።

ራሴንም ከወቀሳው አላወጣም። እኔ ሥራውን የጀመርሁት ባያቴ ምክንያት እንጂ በአሳቢነት አይደለም። እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ቶርኖ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ስገባም ሰውየው መጽሐፍ እንደ ያዘ እንግዳ አየኝ፤ መብቱ ነው።

ነገር ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ለእርሷ የሚስማማ፥ በ1 ሚሊሜትር ሰፋ ያለ ፒስተን ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኘ፤ 465 ግራም መዘነ። ከቢዬላው ጫፍ ጋር 625 ግራም ይሆናል። 60 በመቶውን ልጠብቅ ብዬ ወሰንሁ፤ ፋብሪካው ለዚች ብስክሌት አካል የመረጠው ያ ስለ ሆነ፥ እኔም ከእርሱ የተሻለ ምክንያት ስለሌለኝ ነው። 60 በመቶው 375 ግራም ነው፤ ከዚያ 160 ሲቀነስ የሚሰቀለው 215 ግራም ይሆናል። ክራንኩ ግን የሚቆመው በ194 ነበር፤ 21 ግራም ጎደለ ማለት ነው። ተመዛኙን ወገን ማክበድ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ በተቃራኒው የፒኑን ወገን ማቅለል ይሻላል። ፒኑ ከማዕከሉ 47 ሚሊሜትር ይርቃል፤ የምንበሳበት ቦታ 84 ሚሊሜትር ይርቃል፤ በራቀ መጠን ጥቂቱ ብዙ ይሠራልና 21ዱ ግራም ወደ 12 ይሆናል፤ በሁለቱ ቮላኖ ሲከፈል ለያንዳንዱ ወደ 6 ግራም። ይህም 10 ሚሊሜትር ስፋት ባለው መብሻ ወደ 10 ሚሊሜትር ጥልቀት መብሳት ነው።

ባለ ቶርኖው ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ሳሳየው መጀመሪያ አላመነኝም። «ጤነኛ ብረት ልትበሳ?» አለ። ከዘንጎቹ ላይ አስቀምጠን፥ 215 ግራም ሰቅለን፥ ፒኑ ወደ ታች ሲዞር በዓይኑ አየ። በትራፓኖ እየበሳ፥ እየመዘነ፥ እየበሳ ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ ክራንኩ ባስቀመጥንበት ሁሉ ቆመ። በጣቱ ሩብ ዙር አዞረው፤ ቆመ። ግማሽ ዙር አዞረው፤ ቆመ። ከዚያ የክራንኩን ጫፎች ቅንነት ባለ መርፌ መለኪያ አይተን፥ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወላገድ በመዳብ መዶሻ እየመታ አስተካከለው፤ መመዘንና ማቅናት የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና አንዱ ሌላውን አይተካም። ለሥራው የጠየቀኝ ዋጋ ትንሽ ነበር። ስወጣ ግን ጠራኝና፥ «ያቺን ወረቀት ገልብጠህ ተውልኝ» አለኝ። ገልብጬ ሰጠሁት፤ ከሞርሳው በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህችን ወረቀት ነው። ታድሶ የሚዘጋ ሞተር ሁሉ አራት ቍጥር ይጻፍለት፦ የፒስተኑ ክብደት፥ የቢዬላው ጫፍ ክብደት፥ የተሰቀለው ክብደት፥ መቶኛው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን፥ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች፥ አንድ ውኃ ልክ፥ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የተማሪዎች ኅብረታችን በዓመት ውስጥ ለስንት ነገር ኮሚቴ ያቋቁማል፤ የቴክኖሎጂና የሳይንስ ተማሪዎች ሚዛን ይዘው፥ የእኛም ፋኩልቲ ተማሪዎች ጥሩ አማርኛ ይዘው፥ በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ቶርኖ ቤቶቹ ቢሄዱ ምን ይከብዳል? ለማስተማር አይሂዱ፤ ለመለዋወጥ ይሂዱ። እኔ አራት ቍጥር ሰጥቼ የሰላሳ ዓመት ሙያ አይቼ ተመልሻለሁ፤ ንግዱ ለእኔ አድልቷል።

ሞተሯን በገና ሰሞን አስነሣናት። አያቴ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። በማቆሚያዋ ላይ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ መሪዋን በሁለት እጃቸው ያዙ። ትንቀጠቀጣለች፤ አንድ ሲሊንደር ናትና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታወዛውዛለች፥ ወደ ላይም ትመታለች። ነዳጅ ጨመር አደረጉ። ረጅም ጊዜ ያዟት፤ እጃቸውን ሲያነሡ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩና፥ «ይኸውላችሁ፤ ይቺ ናት የገዛኋት» አሉ። ያጎቴ ሚስት አጠገባቸው ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቀልድ አልሰማሁም።

የሕግ ተማሪው ወዳጄም ይህን ካነበበ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ እገኛለሁ። አንድ የጎረቤት ሞተር አምጥተውልኛል፤ ቍጥር የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እጁ ዘይት አይነካም።

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ